ሦስተኛው እምቢታ

በየካቲት ወር በሁለተኛው እሑድ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ኮሶዬ ውስጥ፣ ከደባርቅ መንገድ ከፍ ብሎ በሚገኘው ቆርቆሮ ቤታቸው፣ አቶ ውድነህ ኃይለ ማርያም ጢማቸውን ተላጩ።

ነገሩ ተመዝግቦ መቀመጥ ያለበት አቶ ውድነህ የሚላጩት ቅዳሜ ስለሆነ ነው። ሠላሳ ዓመት ሲያስተምሩ፣ ከዚያም ውስጥ አሥራ ሁለቱን ዲሬክተር ሆነው ትምህርት ቤቱን ሲመሩ፣ እሑድ ጠዋት ምላጭ ነክተው አያውቁም። ጡረታ ከወጡ በኋላማ ቅዳሜውም አንዳንዴ ይዘለል ነበር። ዛሬ ግን በትናንቱ ላይ ደግመው ተላጩ።

ባለቤታቸው ሸዋገነት ጓዳ ሆና ትሰማቸዋለች።

«አይ… አይሆንም» ይላሉ፣ ምላጩን ከጉንጫቸው አንሥተው። «ከእኔ የተሻለ ሰው አለ።» ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። «አቅሙም የለኝም።»

«ምኑ ነው የማይሆን?» አለች ሸዋገነት።

«ምንም።»

«ታዲያ መስተዋቱ ምን አድርጎህ ነው እምቢ የምትለው?»

አቶ ውድነህ አገጫቸውን ታጥበው የሠርግና የሐዘን ሱፋቸውን ለበሱ። በውስጥ ኪሱ አራት ጉርድ ፎቶግራፍ አለ። ከአሥር ቀን በፊት ጎንደር ወርደው ፒያሳ የተነሡት ነው። ለምን እንደተነሡት ለሸዋገነት የነገሯት «ለመታወቂያ እድሳት» ብለው ነበር። መታወቂያቸው ሁለት ዓመት ይቀረዋል።

በዚያ ቀን ረፋዱ ላይ የፓርቲው የኮሶዬ አባላት ለተወካዮች ምክር ቤት የሚወዳደር እጩ ይመርጣሉ። ፓርቲው ትንሽ ነው። ምልክቱ ወንፊት ነው፤ ማን እንደመረጠው የሚያስታውስ የለም። ደንቡ ግን እንደ ትልቅ ፓርቲ ደንብ ነው፤ አባላት ይጠቁማሉ፣ የተጠቆመው ሰው ፈቃደኛ መሆኑን ይናገራል፣ እጅ ይወጣል፣ ቃለ ጉባኤ ይጻፋል። ከዚያ ማኅተም ተመትቶ፣ ከፎቶግራፍ ጋር፣ የእጩዎች ምዝገባ ሳይዘጋ ለምርጫ ጽሕፈት ቤቱ ይገባል። ምዝገባው የሚዘጋው ሰኞ ነው።

እጩው ማን እንደሚሆን ኮሶዬ ውስጥ ያልሰማ አልነበረም። ያልሰሙ የሚመስሉት ራሳቸው እጩው ብቻ ነበሩ።

አቶ ውድነህ ይህን ነገር ፈልገውታል። ምን ያህል እንደፈለጉት ለራሳቸውም አልተናገሩም። በሕይወታቸው ውስጥ «ይህን ስጡኝ» ብለው ለምነው አያውቁም፤ የተሰጣቸውም ብዙ አልነበረም። ከዓመታት በፊት ወደ ወረዳ ሊያሳድጓቸው ጠርተዋቸው፣ በጨዋ ደንብ «ኧረ ለሌላ ሰው ይሁን» ቢሉ፣ አለቆቹ «እሺ» ብለው ለሌላ ሰው ሰጡት። ያን ቀን ከወረዳ ወደ ቤት በእግራቸው ተመለሱ። ስሕተቱን ሲያስቡት ከረሙና በመጨረሻ አገኙት፤ እምቢ ማለታቸው አልነበረም፣ ደጋግሞ የሚለምን ሰው አለመኖሩ ነበር።

አባታቸው መሪጌታ ኃይለ ማርያም እንዲህ ያለ ጉድለት አልገጠማቸውም። ጎንደር ከተማ ካሉት አጥቢያዎች ለአንዱ አለቃ ይሁኑ ሲባሉ መጀመሪያ «አይገባኝም» ብለው አለቀሱ። ሁለተኛ ሲመጡባቸው ወለቃ ዘመድ ቤት ሄደው ተደበቁ። ሦስተኛ ካህናቱ ከተደበቁበት አውጥተው፣ እየታገሏቸው፣ ካባውን ጫኑባቸው። ሃያ ሁለት ዓመት አለቃ ሆነው አገለገሉ፤ ሲሞቱም «ሹመት የሸሹ አባት» ተብሎ ተነገረላቸው። በተሾሙ ጊዜ ውድነህ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። ካባው ሲጫን አጠገባቸው ቆሞ አይቷል። እጅጌው አልረዘመም፣ ትከሻው አልጠበበም። ልክክ አለ። ለዚህ ነገር ማብራሪያ ጠይቆ አያውቅም።

ስለዚህ በዚህኛው ጊዜ አቶ ውድነህ ለማኝ አዘጋጁ። የሸዋገነት ወንድም ጌቾ የአይሱዙ ሹፌር ነው፤ ድምፁ ከገደል ማዶ ይሰማል፤ የፓርቲው አባል የሆነውም በእሳቸው ምክንያት ነው።

«ሦስት ጊዜ ትነሣለህ» አሉት። «ሁለቱን እምቢ እላለሁ። ሦስተኛውንም እምቢ እላለሁ፣ ግን ለዘብ አድርጌ። ያኔ ሁላችሁም ትነሡና በልመና ትይዙኛላችሁ።»

«አራተኛ ቢጨመርስ?» አለ ጌቾ፣ ነገር ማሳመር ይወዳል።

«አራተኛ አይበዛም?»

«እሺ፣ ሦስት።»

ቃለ ጉባኤውም ቢሆን አስቀድሞ አልቋል። ከጎንደር የምትመጣው የፓርቲው አስተባባሪ ሥርጉት በስልክ፣ «ጋሼ፣ ጊዜ የለንም፤ እርስዎ ያዘጋጁትና በስብሰባው እናጸድቀዋለን። ሁሉም ቦታ እንዲሁ ነው» ብላቸዋለች። ጻፉት። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ፣ ሃያ ሰባቱም አባላት የመጨረሻውን ገጽ ፈረሙ። የመጀመሪያውን ገጽ ልየው ያለ አልነበረም። ስለ ድንች ዋጋና ስለ ውርጩ እያወሩ፣ ብዕሩን እየተቀባበሉ፣ ቆመው ነው የፈረሙ። ከዚያ አቶ ውድነህ ወረቀቱን ሰማያዊ ክላሰር ውስጥ ከተው ለጸሐፊው ለአያ አዳሙ ሰጧቸው።

አያ አዳሙ ክላሰሩን አልከፈቱትም። ያልታዘዙትን አያነቡም።

*

ስብሰባው ትምህርት ቤቱ ውስጥ፣ ሦስተኛ «ለ» ክፍል ነበር። ከተሰበረው መስኮት ጉም ይገባል። ገበሬዎቹ የልጆች ዴስክ ላይ ጉልበታቸውን አገጫቸው ድረስ አጥፈው ተቀምጠዋል። ግማሾቹ በዚያው ክፍል አቶ ውድነህ ፊደል ያስቆጠሯቸው ናቸው፤ ገሚሶቹም የድሮ ቦታቸውን ፈልገው የተቀመጡ ይመስላል።

ሥርጉት ከጎንደር በሚኒባስ ደርሳ ሻርፗን አንገቷ ላይ ጠቅልላለች። ሠላሳ ዓመት ገደማ ይሆናታል፤ ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ አጀንዳዎቹን አነበበች። አንደኛ፣ መክፈቻ። ሁለተኛ፣ ጥቆማ። ሦስተኛ፣ ድምፅ መስጠት። አራተኛ፣ ቃለ ጉባኤ ማንበብና ማጽደቅ።

«እንግዲህ መድረኩ ክፍት ነው» አለች። «ማንም ማንንም የመጠቆም ዴሞክራሲያዊ መብት አለው።»

ይህን ስትል ጌቾን ታየዋለች።

ጌቾ ተነሣ። «እኔ እንኳ ንግግር አላውቅም» አለ። አምስት ቀን ያጠናው ነበር። «ግን እዚህ ቤት ያለነውን ፊደል ያስቆጠረን ማነው? ማታ መንገድ ላይ ሲያገኘን በጆሯችን ይዞ ወደ ቤት የመለሰን ማነው? ዲሬክተር ናቸው! እሳቸውን ጠቁሜያለሁ!»

ጭብጨባ ሆነ። አቶ ውድነህ የዴስኩን ጠርዝ ይዘው ቀስ ብለው ተነሡ። ቀስ ማለቱም ተጠንቷል።

«ወገኖቼ፣ አክብራችሁኛል። ግን አይሆንም። ከእኔ የተሻለ ሰው አለ።»

ተቀመጡ። ክፍሉ ደስ ብሎት አጉረመረመ።

«ኧረ ምነው ዲሬክተር!»

«አባታቸውም እንዲሁ ነበሩ አሉ።»

«ሸጋ ሰው እኮ እንዲህ ነው።»

ጌቾ ድጋሚ ተነሣ። «አንለቅዎትም! ያለ እርስዎ ሰው የለንም!»

አቶ ውድነህ ለሁለተኛ ጊዜ ቆሙ፤ ችግሩም የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። ዓይናቸውን ሲያነሡ የኋላ ረድፍ ላይ ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ሲያደርጉ አዩ። ሠላሳ ዓመት ሲያስተምሩ በሳቸው ንግግር ያለቀሰ ሰው አይተው አያውቁም። አንድ ነገር ደረታቸው ውስጥ ሞቀ።

«ልጆቼ» አሉ። ይህ አልተጠናም። «እኔ ዘመኔን ጨርሻለሁ። ይህ ጊዜ የወጣቱ ነው። የሴቶቻችን ነው። እነሱ ቆመው እኔ ብቀመጥ ታሪክ ምን ይለኛል?» ሴቶቹ አጨበጨቡ። አቶ ውድነህ እዚህ ላይ ማቆም ነበረባቸው፤ አላቆሙም። «ደግሞ… ለማንም ያልነገርሁት፣ ለሸዋገነትም የደበቅሁት… የደም ግፊት አለብኝ። ሐኪሙ ጭንቀት አይሆንህም፣ ልብህ አይችለውም ብሎኛል።»

የደም ግፊት አልነበረባቸውም። ሐኪም ዘንድ የሄዱት ከአራት ዓመት በፊት ነው፣ ለጥርስ።

ተቀመጡ። እንዲህ ያለ ሸጋ እምቢታ በአካባቢው ተሰምቶ አይታወቅም፤ አባታቸውም ቢሆኑ እዚህ አልደረሱም። አንገታቸውን ደፍተው ሦስተኛውን ልመና ጠበቁ።

ጌቾ ተነሣ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ዲሬክተር» አለ። «ምነው እስከ ዛሬ ደበቁን?»

አቶ ውድነህ ቀና አሉ።

«እኔ ቆሜ ስለምን፣ እሳቸው እዚህ ዴስክ ላይ ክልትው ቢሉ፣ እህቴን በምን ዓይኔ አያታለሁ? እኔ ከእንግዲህ አልለምንም! የሚለምን ካለም ከእኔ ጋር ነው ጠቡ!»

«ጌቾ» አሉ አቶ ውድነህ። «እንደሱ እንኳ… ያን ያህል አይደለም። ቀለል ያለ ነው።»

«ይኸው! እኛኑ ሊያጽናኑን!»

«እግዜር ይማርዎት፣ ዲሬክተር» አሉ ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌ ገበሬ፣ አያ ዳኛው። «ነፍስዎ ትበልጥብናለች። በቃ፣ አናስጨንቃቸው፣ ሰዎች።»

«አናስጨንቃቸው» አለ ክፍሉ።

ሥርጉት ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሰማያዊ ክላሰር አየች፤ ከዚያ አቶ ውድነህን አየች። «ጋሼ ምናልባት… ሐሳብዎን ቢያጤኑትስ? ፈቃደኛ ከሆኑ አንድ ቃል ይበቃል። እሺ ካሉ እሺ ነው።»

ሃያ ስድስት ፊት ወደ እሳቸው ዞረ። አንድ ቃል ነው። ሁለት ፊደል። ልጅ የሚናገረው። አቶ ውድነህ አፋቸውን ከፈቱ፤ ቃሉ ምላሳቸው ድረስ መጥቶ እዚያው ቆመ። ከእንባው፣ ከታሪኩ፣ ከልባቸው ሕመም ሁሉ በኋላ «እሺ» ቢሉ፣ ሁሉም ምን እንደነበር ያውቁታል። ባይሉስ?

«እንግዲህ» አሉ፣ «የጉባኤው ፈቃድ ይሁን።»

ጉባኤው ግን ፈቃዱን ጨርሷል።

«ሌላ ጥቆማ?» አለች ሥርጉት፣ ድምፅዋ ቀጥኖ።

አያ ዳኛው እጃቸውን አወጡ። «ዲሬክተር የሴቶቻችን ጊዜ ነው ካሉ፣ እኔ ምሥራቅን ጠቁሜያለሁ።»

ምሥራቅ ከመንገዱ ዳር ምግብ ቤት አላት። የደባርቅ አውቶቡስ ሲቆም ሠላሳ ሰው በአንዴ ታስተናግዳለች። ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ነበረች፤ ድስት ጥዳ ስለመጣች ቶሎ ለመውጣት።

«እኔን ነው?» አለች።

«አንቺን ነው።»

«እሺ» አለች ምሥራቅ። «እችላለሁ።»

ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው ልብሱን ያወለቀ ያህል ሆነ። ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። አንዲት ሴት «በስመ አብ» አለች ቀስ ብላ።

«አንድ ጊዜ እንኳ እምቢ አትይም እንዴ?» አለ ጌቾ።

«ጌቾ፣ እኔ ምግብ ቤት ነው ያለኝ» አለች ምሥራቅ። «ቀኑን ሙሉ "ጠግቤያለሁ፣ አይሆንም፣ በሞቴ ተይኝ" የሚል ሰው ሳበላ ነው የምውለው። አንድም ቀን ሳህን ላይ ተርፎ አላየሁም። አንተን ጨምሮ።»

ሣቅ ተነሣና ወዲያው ታፈነ። ሥርጉት ሰዓቷን አየች። ነገ ሰኞ ነው። «እጅ እንዲወጣ እጠይቃለሁ» አለች።

ማንም አላወጣም። ሁሉም አቶ ውድነህን ይጠብቃል።

አቶ ውድነህን ተላጭተውት የመጡት አገጭ በረዳቸው። ሱፉ ከበዳቸው። ቀኝ እጃቸውን አነሡ፤ ጥርሳቸውንም አሳዩ። ከዚያ በኋላ የሌላው ሁሉ እጅ ተከተለ። ምሥራቅም የራሷን አወጣች።

«ለራስሽም?» አላት ጌቾ።

«ታዲያ ለማን ላውጣ?»

ሃያ ሰባት። ጭብጨባ ሆነ። አቶ ውድነህ ከሁሉም ረዘም አድርገው አጨበጨቡ፤ ሌላው ሲያቆም የሳቸው ብቻውን ትንሽ ቀጠለ።

«ለነገ ፎቶ ከየት አመጣለሁ?» አለች ምሥራቅ። «ጉርድ ፎቶ ይላሉ አይደል? እንዲህ በአንድ ቀን ፎቶ ያለው ሰው አለ?»

የአቶ ውድነህ እጅ ወደ ውስጥ ኪሳቸው ሄደ፤ ደረሰና እዚያው ቀረ። ልባቸውን የያዙ መሰለ። «ውኃ ስጧቸው!» አለ ጌቾ። አንድ ጆግ ውኃ መጣ። ጠጡ። ምን ያድርጉ።

ሥርጉት ቦርሳዋን መዝጋት ጀመረች። «እንግዲህ ሌላውን በስልክ እንጨርሳለን። ቃለ ጉባኤውን እኔ ጎንደር ወስጄ አስተካክዬ…»

«አራተኛ አጀንዳ ይቀራል» አሉ አያ አዳሙ፣ ጸሐፊው።

ተነሥተዋል። ሰማያዊው ክላሰር እጃቸው ላይ ነው።

አያ አዳሙ በደብሩ ከአርባ ዓመት በላይ ስንክሳር ያነበቡ ሰው ናቸው። ዘውድ ወድቆ፣ ደርግ መጥቶ፣ ደርግ ሄዶ፣ እሳቸው የዕለቱን አንብበዋል። የተጻፈውን አይዘሉም፣ ያልተጻፈውን አይጨምሩም፤ ከጀመሩም እስከሚጨርሱ ማንም አያቋርጣቸውም። አንድ ጊዜ ንባብ ላይ ሳሉ የደብሩ ጣራ በነፋስ ሲገነጠል፣ ጣታቸውን መስመሩ ላይ አድርገው ቀጥለዋል ይባላል።

«አያ አዳሙ፣ ግድ የለም፣ ዛሬ ይለፈን» አለች ሥርጉት።

«ማንበብና ማጽደቅ ይላል» አሉ። አማተቡ። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት። የኋላ ረድፍ ላይ ያሉት ሳይቀሩ ጽሕፈቱን አወቁት፤ በዚያው ትምህርት ቤት፣ በጥቁር ሰሌዳ፣ ስምንት ዓመት ያዩት ጽሕፈት ነው።

አያ አዳሙ በስንክሳር ዜማ አይሁን እንጂ በስንክሳር ድምፅ ጀመሩ።

«"በዛሬው ዕለት በኮሶዬ የተሰበሰብን ሃያ ሰባት አባላት ያለማንም ግፊት ተወያይተን፣ አቶ ጌታቸው ድንገት ከመካከላችን ተነሥተው፣ ልባቸው እንደመራቸው፣ አቶ ውድነህ ኃይለ ማርያምን ጠቆሙ።"»

ጌቾ ዴስኩ ላይ የተቀረጸውን የልጅ ስም ማንበብ ጀመረ።

«"አቶ ውድነህም ይህን ከቶ ስላላሰቡት ደንግጠው፣ ከእኔ የተሻለ ሰው አለ ብለው እምቢ አሉ። ሁለተኛ ቢለመኑ፣ አቅሙ የለኝም ብለው እምቢ አሉ።"»

«አያ አዳሙ…» አለች ሥርጉት።

አያ አዳሙ ግራ እጃቸውን ወደ እሷ ዘረጉ፣ ቆይ እንደማለት፤ ዓይናቸው ከወረቀቱ አልተነሣም።

«"ሦስተኛ ቢለመኑ፣ ለዘብ ባለ ድምፅ እምቢ አሉ። በዚህ ጊዜ ጉባኤው በሙሉ ተነሥቶ በልመና ስለያዛቸው፣ የሕዝብ ፈቃድ አሸንፏቸው፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ ለአገር ሲሉ ተቀበሉ።"»

አቶ ውድነህ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። በዚህ ቦታ ላይ ብቻ ወረቀቱና ሰውየው ተስማሙ።

«"ሴቶች እልል አሉ። ተቃውሞ፣ የለም። ድምፀ ተአቅቦ፣ የለም። ይህ ሁሉ ሲሆን በዓይናችን ያየን፣ በጆሯችን የሰማን መሆናችንን በፊርማችን እናረጋግጣለን።"»

ገጹን ገለበጡ። አያ አዳሙ ጣታቸውን በመጀመሪያው ስም ላይ አድርገው ወረዱ። አያ ዳኛው፣ ፈርመዋል። ጌታቸው፣ ፈርሟል። ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ያደረጉት ሁለቱም ሴቶች፣ ፈርመዋል። አንድ በአንድ፣ ስሙ የተጠራው ሁሉ አንገቱን ትንሽ ይደፋል። «አዳሙ» ሲሉ የራሳቸውን ስም እንደ ሌላ ሰው ስም አነበቡት። ሃያ ሰባተኛው ስም ምሥራቅ ነበር።

«አቤት» አለች ምሥራቅ፣ ሳታስበው። ከዚያ እሷም መሬት አየች።

ጉሙ በመስኮቱ ገባ። ውጭ የጎንደር ሚኒባስ ጥሩንባውን ነፋ፤ ሥርጉት አልተነሣችም።

አያ አዳሙ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሱ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ አጠለቁ። አንድ ቦታ ላይ ጣታቸውን አቆሙና፣ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቀና ብለው አቶ ውድነህን አዩ።

«ዲሬክተር» አሉ፣ በአክብሮት። «ወረቀቱ ሦስት ይላል። እኔ የቆጠርሁ ሁለት ነው። የትኛውን ላጽድቅ?»